ቢላ ያልነካው ሆድ

ያን ዓመት በሱዳኗ ገዳሪፍ ከተማ ረክሻ ነጂ ነበርኩ። ረክሻ የምንለው አገር ቤት ባጃጅ የሚባለውን ባለ ሦስት እግር ነው። ከአባቴ ጋር ከታች አርማጭሆ የተሻገርኩት ጥርሴን ሳልነቅል ስለሆነ ዐረብኛውን ከገበያው ሰው እኩል አውቀዋለሁ። የምከራከረውም የምሳደበውም በዐረብኛ ነው፤ አማርኛዬን ለጸሎትና ለአገሬ ልጆች አስቀምጠዋለሁ። ተሳፋሪ መንገድ ላሳይህ ሲለኝ «እንግዲያው አንተ ንዳው» ብዬ መሪውን የምለቅ ግልፍተኛ ሰው ነኝ። ይህን ማወቃችሁ በኋላ ለምትሰሙት ነገር ይጠቅማችኋል።

ታናሽ ወንድሜ አበጀ የኔ ተቃራኒ ነበር። እሱ ከእናታችን ጋር አገር ቤት ቀርቶ አደገና፣ ዓመት ዓመት በመተማ በኩል ተሻግሮ ለሰሊጥ አጨዳ ይመጣል። ጊንጥ ነድፎት እንኳ «እንዴት ነህ?» ሲሉት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው መልሱ። አንድ ጊዜ እኔ አገር ቤት ልጠይቃቸው ሄጄ ሳለሁ ማጭድ ቅልጥሙን ገምሶት፣ ደሙን በጨርቅ ጠፍሮ፣ ለማንም ሳይናገር ራቱን በልቶ ተኛ። ጠዋት መደቡ ላይ ደም ያየችው እናታችን «አንተ እኮ መቃብር ውስጥ ሆነህም ደህና ነኝ ትላለህ» አለችው። ያን ጊዜ ሁላችንም ሳቅን።

ነገሩ የሆነው በኅዳር ነው፣ ጾመ ነቢያት ከገባ በኋላ። ካርቱም በጦርነት ከፈረሰች ወዲህ ገዳሪፍ በተፈናቃይ ተጨናንቃለች። ትምህርት ቤቱ ሰው ነው፤ የሆስፒታሉ በረንዳም ሰው ነው። ስልክ አንድ ቀን ይሠራል፣ አንድ ቀን ይሞታል። ከሸሹት መካከል የታወቁ የሕክምና መምህራንም ስለነበሩ «ድሮ ስንታመም ካርቱም ይልኩን ነበር፣ አሁን ካርቱም ራሷ መጣችልን» እያልን እንቀልድ ነበር።

አንድ ጠዋት፣ ከዶካ እርሻዎች የሚመጡት መኪኖች በሚቆሙበት ተራ ይዤ ሳለሁ አንድ ፒክአፕ አጠገቤ ቆመ። ከኋላው ፈንታ ወረደ፤ ከወንድሜ ጋር አንድ እርሻ ላይ የሚያጭድ የሰፈራችን ልጅ ነው። አይቶኝ ሰላምታ አልሰጠኝም። ያኔ አንድ ነገር እንዳለ ገባኝ። አበጀ ጋቢውን ተከናንቦ ጥግ ላይ ተኮራምቷል።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እህል ቀመስን» አለ ፈንታ። «ሰሊጡ ሳይረግፍ እንድረስበት ብለን ከንጋት ጀምሮ ባዶ ሆዳችንን ነበርን። አሲዳውን፣ ያንን የማሽላ ገንፎ፣ በደረቅ ባሚያ ወጥ ጠገብን እስክንል በላንና ወዲያው ወደ ማጭዳችን ገባን። ጎንበስ ከማለቱ ሆዱን ይዞ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ እንዳስታወከ ነው።»

«ታዲያ ትናንት አታመጣውም?»

«ደህና ነኝ አለኝ እኮ!»

ጋቢውን ገለጥኩት። ፊቱ አመድ መስሏል። «እንዴት ነህ፣ አበጀ?» አልኩት።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አያ። ደህና ነኝ።»

ወደ ሆስፒታሉ ስነዳ እያንዳንዱን ጉድጓድ እንደ እንቁላል ነጋዴ እየዞርኩ ነው የሄድኩት፤ መንገደኛው ሁሉ ሰደበኝ፣ እኔ ግን ለማንም አልመለስኩም።

የተቀበለችን ዶክተር ኢማን የምትባል ወጣት ሐኪም ናት። ቀዶ ሕክምና ልትማር ገብታ ትምህርቷን ጦርነቱ ያቋረጠባት፣ መምህሯን ተከትላ ገዳሪፍ የደረሰች የካርቱም ልጅ ናት። አማርኛ አታውቅም፤ እኔ በመሃል ቆሜ ቃል አቀብላለሁ። መቼ እንደጀመረው፣ ከዚያ በፊት ምን እንደበላ፣ አየር ይወጣው እንደሆነ ጠየቀችው። ሸሚዙን ገልባ ሆዱን ስታይ ብዙ ቆየች።

«ያ አኹይ» አለችኝ፣ ወንድሜ ሆይ ማለቷ ነው፤ «ወንድምህ ተቀዶ ያውቃል? በልጅነቱም ቢሆን?»

«የሱ ሆድ ቢላ ነክቶት አያውቅም» አልኳት።

ራጅ አስነሳችው። ምስሉን ወደ መስኮቱ አቅንታ «አንጀቱ ተዘግቷል፤ ምን እንደዘጋው ነው ማወቅ ያለብን» አለችኝ። ሲቲ የሚባለው ትልቁ ማሽን ከተበላሸ ቆይቷል።

ቀጥሎ መምህሯ ፕሮፌሰር ኦስማን መጡ። ሱዳኖቹ «ብሮፍ» ነው የሚሏቸው። ፀጉራቸው የነጣ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ተማሪዎቻቸው ግር ብለው ተከትለዋቸዋል። የወንድሜን እጅ ያዙና «እንዴት ነህ፣ ያ ወልዲ?» አሉት፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ተረጎምኩለት።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ አበጀ።

«አልሐምዱሊላህ ይላል» አልኳቸው።

ሆዱን ቀስ ብለው ከአራቱም ወገን ተጫኑት። አበጀ ፊቱን አላጨማደደም። ከጋቢው ሥር ግን የኔን አንጓ ይዞ ነበር፤ ጥፍሩ ሥጋዬ ውስጥ ገባ።

«ፕሮፌሰር፣ እጄን ይመልከቱ፤ በጣም አሞታል» አልኩ።

«ሕመምማ አለው» አሉኝ በትዕግሥት። ከዚያ ወደ ተማሪዎቹ ዞሩ። «ጥያቄው አመመው ወይ አይደለም፤ አንጀቱ እየሞተ ነው ወይ ነው። አንጀቱ እየሞተ ያለ ሰው እንዲህ ረግቶ አይተኛም፤ ይንፈራገጣል፣ ይጮኻል። ሆዱም እንደ ጣውላ ይደርቃል። የዚህ ሰው ሆድ ልስልስ ነው፣ ትኩሳትም የለውም። ስለዚህ በአፍንጫው ቱቦ፣ በክንዱ ጉሉኮስ፤ እስከ ነገ ጠዋት እንጠብቃለን። አብዛኛው በራሱ ይከፈታል።»

«ብሮፍ» አለች ኢማን። በሱዳን ሐኪም ቤት ተማሪ መምህሩን በሰው ፊት አይከራከርም፤ እሷ ግን ቀጠለች። «ይህ ሰው የቀዶ ጠባሳ የለውም፤ አንጀቱን የዘጋው የድሮ ጠባሳ ሊሆን አይችልም።»

«አይቻለሁ።»

«ከድንበሩ ማዶ ያሉ ሐኪሞች ስለ እንደዚህ ያሉ ገበሬዎች የጻፉትን አንብቤያለሁ። ረጅም ሰዓት በባዶ ሆድ ሠርተው በአንዴ ብዙ ሲበሉ ቀጭኑ አንጀት በራሱ ላይ ይጠመዘዛል፣ ደም ያጣል ይላሉ። እኛ ጋ ብርቅ ነው ብለን የተማርነው እዚያ ብርቅ አይደለም። ሆዱ እስኪደርቅ አትጠብቁ ነው የሚሉት፤ ሲደርቅ አንጀቱ ሞቷል።»

«አሳዪኝ።»

ስልኳን አወጣች። አየችው። መልሳ አየችው። «ኔትወርክ የለም» አለች።

«ሲመጣ አሳዪኝ» አሉ ሰውዬው፣ በቁጣ ሳይሆን። «እስከዚያው የምፈርደው በእጄ ባለው ሆድ ነው። ደግሞ ማደንዘዣ የሚሰጠው ሰው አንድ ነው፤ ቀዶ ቤቱም ምጥ ላይ ባለች ሴትና መንገድ ላይ በተመታ ሰው ተይዟል። ጥርጣሬ ይዤ ከነሱ ፊት አላስገባም።»

ሄዱ። እውነት ለመናገር፣ በዚያች ሰዓት እኔ ያመንኩት ሽማግሌውን ነው። የነጣ ፀጉር አለ፣ ተማሪ ተከትሎታል፣ ረጋ ብሎ ይናገራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ። ልጅቷ በአንድ ወረቀት ወንድሜን ልታሳርድብኝ ነው አልኩ በሆዴ።

ቱቦው ሲገባለት የተጠራቀመው ወጣና ትንሽ ቀለለው። ፈንታ ወደ እርሻው ተመለሰ። እኔና ወንድሜ ብቻችንን ቀረን፤ ብቻችንን ማለት ሃምሳ ሰው በሚተራመስበት ክፍል ውስጥ ነው። ከፊት ለፊታችን ካርቱም የነበሩ ሴቶች የታመመች እናታቸውን እያራገቡ ነበር።

«አያ፣ ለእናታችን እንዳትደውል።»

«ኔትወርክም የለ፣ አትስጋ።»

«ፈንታ ያጨድኩትን ያስርልኝ። ዝናብ ባይመጣም ነፋስ ይበትነዋል።»

«ስለ ሰሊጥ ታወራለህ አንተ? አሁን አሞሃል አላመመህም?»

ዓይኑን ወደ ሴቶቹ መለስ አደረገ። «ሰው ፊት?» አለ።

የወንድ ልጅ እንባው ወደ ሆዱ ነው ይባላል በአገራችን። እርሻ ላይ ታሞ የጮኸ ወንድ ዓመቱን ሙሉ መሣቂያ ነው፤ ስሙ ወጥቶ ከእሱ ቀድሞ አገር ይገባል። ጆሮዬን ወደ አፉ አስጠጋሁ። ያኔ በሹክሹክታ «ውስጤ እንደ ገመድ እየከረረ ነው፣ አያ። ስትጠይቀኝ መልስ መስጠትም እያቃተኝ ነው» አለኝ።

እንዲህ ያለ ቃል ከአበጀ አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ሸሚዙን ገለጥኩ፤ ሆዱ ጠዋት ካየሁት ይልቅ ተነፍቷል። ተነስቼ ኢማንን ፍለጋ ሮጥኩ። ከክፍል ክፍል ብል የለችም። አንዲት ነርስ «ጣሪያ ላይ ናት» አለችኝ።

ኔትወርክ ሲጠፋ የገዳሪፍ ሰው ከፍ ያለ ቦታ ይወጣል። ኢማን ከውኃ ጋኑ አጠገብ ቆማ፣ ስልኩን በሁለት እጇ ወደ ሰማይ ዘርግታ፣ ፀሐዩ እየጠበሳት ነበር። የፈለገችው ጽሑፍ ገጽ በገጽ፣ መስመር በመስመር እየተንጠባጠበ ይወርዳል።

«ወንድሜ ውስጤ እንደ ገመድ ከረረ አለ» አልኳት። «ይህ ልጅ እንዲህ አይልም። ሆዱም ተነፋ። ይገባሻል? እንዲህ የሚል ሰው አይደለም።»

አተኩራ አየችኝ። ጽሑፉ አላለቀም ነበር፤ እሷ ግን ደረጃውን ወረደች።

ፕሮፌሰሩ ግቢው ውስጥ ከኒም ዛፍ ሥር ተማሪዎቻቸውን ሰብስበው እያስተማሩ ነበር። ኢማን ስልኩን ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አነበቡ። ጽሑፉን በጣታቸው ወደ ታች ገፉ፣ መልሰው ወደ ላይ ገፉ። በሽተኞቹ እነማን እንደሆኑ፣ ምን ሠርተው እንደሚያድሩ፣ ምን እንደሚበሉ የተጻፈበት ቦታ ላይ ቆሙ።

«ይህ እኮ ስለ እሱ የተጻፈ ነው» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ጾም ላይ ናችሁ?» አሉኝ።

«አዎ። አጫጆቹ ከንጋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይቀምሱም።»

«ስትበሉስ?»

«ለሌሊቱም ለነገውም የሚሆን ያህል።»

ሌላ አልጠየቁም። ሽማግሌ ሰው ሲሮጥ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ሮጡ። ሆዱን ሲጫኑት አሁንም አበጀ ዝም አለ፤ ሆዱ ግን ጠንክሯል። ቀዶ ቤቱ ሴትዮዋ እስክትወልድ መጠበቅ ነበረበት። በሩ ላይ ቆሜ የማላውቃትን ሴት «ውለጂ እንጂ» እያልኩ በልቤ ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ መልሼ ይቅርታ ጠየቅሁ። የሕፃን ድምፅ ሲሰማ ሰው ሁሉ ተደሰተ። እኔም ተደሰትኩ፤ ለሕፃኑ አልነበረም።

ሲጨርሱ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። ፕሮፌሰሩ ራሳቸው ወጡ። ቆብ እንኳ አላወለቁም።

«ተጠምዝዞ ጠቁሯል» አሉኝ። «የሞተውን ቆርጠን አወጣን። የቀረው ትንሽ ነው። የማይሆን ተስፋ ሰጥቼ አላታልልህም።»

«ጠዋት ቢሆንስ?»

ዓይናቸውን አላሸሹም። «ጠዋት ቢሆን ብዙው ይተርፍ ነበር ብዬ አምናለሁ።»

ግልፍተኛ ነኝ ብዬአችኋለሁ። ያን ጊዜ ግን አፌ ውስጥ አንድም ስድብ አጣሁ፤ በዐረብኛም በአማርኛም።

አበጀ በማግስቱ ነቃ። ትኩሳቱ ግን ወጥቶ አልወርድ አለ። ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ ሳብስለት ዓይኑን ገለጠ። «እንዴት ነህ፣ ወንድሜ?» አልኩት። እንደ ልማዱ እግዚአብሔር ይመስገን እንዲለኝ እንዴት እንደተመኘሁ! ያ ቃል ስንት ዓመት አናድዶኝ ነበር።

«አያ» አለኝ፣ «አመመኝ።»

ሴቶቹ ሰሙት። እሱም መስማታቸውን አላየም፣ ወይም ግድ አልሰጠውም። በነጋታው ጎህ ሲቀድ ሞተ።

ወደ አገር ቤት አስከሬን ይዤ እንዳልሻገር ከድንበሩ ማዶ ያለው መንገድ በተኩስ ተዘግቶ ነበር። እዚያው ገዳሪፍ፣ አጫጆች ሲሞቱ ከሚያርፉበት ቦታ፣ ፈንታና ጓደኞቹ በማጭድ በሻከረ እጃቸው ቀበሩት። ለእናታችን የነገራት ከመተማ የሄደ ሰው ነው። «ደህና ነኝ ሳይል ሞተ?» አለች አሉ። ሌላ የተናገረችውን አልነገሩኝም።

ከአርባው በኋላ ተራዬ ላይ ቆሜ ሳለሁ አንድ ጀላቢያ የለበሰ ሰው ከኋላ ገብቶ ተቀመጠ።

«ወዴት?» አልኩ ሳልዞር።

«ሞተሩን አታስነሳ» አለኝ። ድምፁን አወቅሁት። ፕሮፌሰር ኦስማን ናቸው።

ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «ተማሪ ሳለሁ መምህሮቼ በተዘጋ አንጀት ላይ ፀሐይ አትጥለቅበት፣ ቶሎ ቅደዱ ይሉን ነበር። በኋላ ከሩቅ አገር ጥናቶች መጡና ታገሡ፣ አብዛኛው በራሱ ይከፈታል አሉ። እውነታቸውን ነው። በዚያ ትዕግሥት ብዙ ሰው ከቢላ አትርፌአለሁ። ግን የነሱ በሽተኞች ሆዳቸው ቀድሞ የተቀደደ፣ ጠባሳው አንጀታቸውን የያዘባቸው ናቸው። የነዚያን ሆድ ሕግ ይዤ ለወንድምህ ሆድ ፈረድኩ፤ ለሃያ ዙር ተማሪም እንደዚያው አስተምሬአለሁ። አሁን የወንድምህን ነገር ላስተምርበት ፈቃድህን ልለምን ነው የመጣሁት።»

አሁን ምላሴ ተመለሰልኝ። በአገሬ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባላል አልኳቸው። የዐረብኛ አቻውን ስላጣሁ ቃል በቃል ነበር የነገርኳቸው። ገባቸው። «አዎ፣ እኔ ያ ውሻ ነኝ» አሉ። እንዲህ የሚል ሰው ላይ ምን ትጨምርበታለህ?

«ያስተምሩ» አልኩ። «ግን እኔ ባለሁበት።»

አዳራሹ የተፈናቃይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚማሩበት የቆርቆሮ መጋዘን ነበር። ከኋላ ተቀመጥኩ። ፕሮፌሰሩ ቆመው ጠብቄ ገደልኩት አላሉም፤ ጠብቄ ሞተ አሉ። ተናድጄ ልነሳ ስል አንድ ተማሪ እጁን አወጣ።

«ብሮፍ፣ ያመለጥዎት ምልክት የትኛው ነው?»

«ያመለጠኝ ሆዱ ላይ አልነበረም» አሉ። «ኢማን ጠባሳ የለውም ስትለኝ፣ ምን ሠርቶ፣ መቼ በልቶ እንደመጣ መጠየቅ ነበረብኝ። በአገሩ ወንድ ሲያመው ምን እንደሚያደርግም አልጠየቅሁም። አንጀቱ የሚሞት ሰው ይጮኻል ብዬ አስተምሬአችኋለሁ። ያ የሚጮኸው እንዲጮህ በተፈቀደለት አገር ነው። ያስተማርኳችሁን ከዛሬ ጀምሮ አርሙት።»

ተመልሼ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ ብላችሁ አትታዘቡኝ፤ ሰው ፊት ነው።

ለአጨዳ የምትወርዱ ወንድሞቼ፣ ይህን የምጽፈው ለናንተ ነው። እግዚአብሔርን አመስግኑ፣ እኔም አመሰግነዋለሁ። ሐኪም ሲጠይቃችሁ ግን ለእግዚአብሔር የምትሰጡትን መልስ ለሐኪም አትስጡት። እናንተ ሐኪሞችም ካላችሁበት፣ መጽሐፋችሁ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የማንን ሆድ አይቶ እንደተጻፈ ግን ጠይቁ። እኔ ያልተማርኩ ነጂ ነኝ፤ ይህችን ያህል የገባኝ በወንድሜ ነው፣ ባይገባኝ እመርጥ ነበር።

ኢማን በኋላ ጽሑፍ ጻፈች። ወንድሜ እዚያ ውስጥ «ከሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የመጣ የቀን ሠራተኛ» ተብሎ ነው ያለው። ስሙ የለም፤ ደንባቸው አይፈቅድም አሉኝ።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በዚያው ጾም፣ ከዶካ አንድ የቋራ ልጅ ጭነው መጡ። ሆዱን ይዟል፣ አልጮኸም። በረክሻዬ አደረስኩት። ኢማን ሸሚዙን ገልባ ጠባሳ ፈለገች፤ ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምን ያህል እንደበላ በእኔ በኩል ጠየቀችው። ፕሮፌሰሩን ጠራች፤ እሳቸውም እጃቸውን ሆዱ ላይ አሳረፉና አንድ ቃል ብቻ አሉ፤ «አሁኑኑ።» እኩለ ቀን ሳይሆን ተቀደደ። አንጀቱ ተጠምዝዞ ነበር፣ ግን ገና ሕይወት ነበረው፤ ፈተው መለሱለት። በረንዳው ላይ ቆሜ ደስ አለኝ፤ ቀጥሎ ደግሞ ያን ልጅ ጠላሁት። አንተ ለምን ተረፍክ፣ ወንድሜ ለምን አልተረፈም አልኩ። ይህንንም ሳልደብቅ ነው የምጽፍላችሁ።

በማግስቱ ኢማን አልጋው አጠገብ ቆማ «እንዴት ነህ በለው» አለችኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ልጁ።

አፌን ስከፍት እጇን አነሳች። «እሱን አትተርጉምልኝ፤ አውቀዋለሁ» አለች። «እንደገና ጠይቀው።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። «ወንድሜ፣ ሰው እንዳለ እርሳው» አልኩት። «እውነት፣ እንዴት ነህ?»

ልጁ ዙሪያውን ቃኘና ወደ እኔ ተጠጋ።

«ያመኛል» አለኝ።

ዞሬ ነገርኳት።